አኳሪየም ያላችሁ ዛሬ ጠይቁ፤ ፊልተሩን ግን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ውሃ ቀይሬ ጨርሻለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤቴ ዓሣ ማኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ ስንት ሊትር ነው፣ ከተሞላ ስንት ጊዜው ነው፣ ምን ምን ዓሣ አለበት። «ዓሣዬ ሞተ፣ ለምን?» ብቻ ላለ ሰው መልስ የለኝም።

የገርጂዋ፦ ሰላም ጋሼ። 60 ሊትር ነው። እሁድ ሞላሁት፣ ሰኞ ስድስት ጉፒና አራት ኒዮን ቴትራ አስገባሁ፣ ሐሙስ ሦስቱ ሞቱ። የሮቶ ውሃ ነው፣ ግን ኩልል ያለ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጥፋትሽ ሰኞ ነው። ኩልል ማለቱ ምንም አይነግርሽም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም። ዓሣው ራሱ ይለቀዋል፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይፈጥረዋል። ይህን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንደኞቹ አሞኒያውን ናይትራይት ያደርጉታል፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርጉታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ናቸው፤ ናይትሬት ካልተከማቸ ዓሣው ይችለዋል። ባክቴሪያዎቹ ፊልተሩ ውስጥ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ቤቱ ከቀዘቀዘ ከዚያም በላይ። አንቺ አንድ ቀን ሰጠሻቸው።

አሁን የተረፉትን ለማቆየት በየቀኑ ሩቡን ውሃ ቀይሪ፣ ምግብ በሁለት ቀን አንዴ ቁንጥር ብቻ፣ አዲስ ዓሣ እንዳትጨምሪ። የቆየ አኳሪየም ያለው ሰው ካወቅሽ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቁራጭ ለምኚው፤ ከጎረቤት እርሾ እንደ መውሰድ ነው። የሮቶውን ውሃ በባልዲ ቀድተሽ 24 ሰዓት ክፍት አስቀምጪው፣ ክሎሪኑ ይበንናል። ፊልተሩንም በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢ፤ ክሎሪኑ የተሠራው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው። ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገሽ መልሺው።

የሳሪሱ፦ ጋሼ፣ የኔም ዓሣ ሞተብኝ፣ ለምን ይሆን?

መልስ፦ ከላይ ምን አልኩ?

የሳሪሱ፦ አንብቤዋለሁ ጋሼ። አኳሪየሙ ትንሽ ነው።

መልስ፦ «ትንሽ» ስንት ሊትር ነው? ለክተህ ተመለስ።

የጀሞው፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። 100 ሊትሩን ቡፌ ላይ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ ውሃው ብቻ 100 ኪሎ ነው። መስታወትና ጠጠር ጨምርበት። ቺፑድ ደግሞ ውሃ ሲጠባ ያብጣል። ብረት አስበይድ።

የካዛንቺሷ፦ እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ሦስቴ መብራት ይጠፋል፣ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ። ጋሼ፣ 120 ሊትር ነው፣ ዓመት አልፎታል፣ ፕላቲ፣ ሞሊና ኮሪዶራስ አሉበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው! ቁጭ ብዬ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ያለንበትን ቦታ አንርሳ። የምንኖረው ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ 25 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ 6 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በውጭ ሰው ምክር «ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል» ሲባል ሩቡን ቀንሱ እላለሁ። መብራት ሲጠፋም ከነሱ ቀድሞ ጭንቅ የሚገባው እኛ ቤት ነው።

በ2009 ዓ.ም. የደረሰብኝን ልንገርሽ። ታች የሚቀመጠው፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ትልቁ ፊልተር ነበረኝ። መብራት ማታ ሦስት ሰዓት ጠፍቶ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ፊልተሩ «ጉርርር» ብሎ ሲነሣ ደስ ብሎኝ ተመልሼ ተኛሁ። ስነሣ ውሃው ሻይ መስሏል፣ ክፍሉ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ሃያ ሦስት ዓሣ ላይ ላዩን ተንሳፏል። ፊልተሩ ውስጥ ታፍኖ ያደረው ባክቴሪያ አየር አጥቶ ሞቷል፣ በስብሷል፤ መብራቱ ሲመጣ ያንን ሁሉ ዓሣው ላይ ረጨው። የገደላቸው የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን መምጣቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ሁለት ሰዓት ከሆነ አትጨነቂ። ካለፈ ምግብ አትስጪ፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለሽ በኩባያ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍሺው፣ ሻይ ስታበርጂ እንደምታደርጊው። አኳሪየሙን በጋቢ ጠቅልይው፣ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። ሌሊቱን ካደረ ፊልተሩን ከሶኬት ንቀዪ፤ ከፍተሽ፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ደፍተሽ፣ ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አለቅልቀሽ ነው የምትመልሺው። በቧንቧ ውሃ አይደለም።

ከተነሣ አይቀር፣ ለባክቴሪያ መስፈሪያ ብላችሁ ከውጭ የሚመጣውን ሴራሚክ በውድ አትግዙ። ሬድ አሹ አለ! መንገድ ሲሠራ የሚደፋው ቀይ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፣ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው፣ ባክቴሪያው እያንዳንዷ ዓይን ውስጥ ይገባል። ለውዝ የሚያህሉትን ልቀሙ፣ ውሃው ጥርት እስኪል አሥር ጊዜም ቢሆን እጠቡ (ይኼኛው በቧንቧ ውሃ ይቻላል፣ ገና ምንም የለበትም)፣ በመረብ ከረጢት አድርጋችሁ ፊልተር ውስጥ ክተቱት። ወለሉ ላይ ግን አትበትኑት፤ ስለታም ስለሆነ የኮሪዶራስን ሆድና ጢም ይቧጭራል። ሌላ ከወንዝ የለቀማችሁትን ድንጋይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለው፣ ማዕድኑን አብዝቶ ውሃችሁን ያከብደዋል።

የገርጂዋ፦ ውሃ ከከበደ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እንደ ዓሣው ነው። የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ የሚደርሰው ሰፈር ከለገዳዲ ግድብ ከሚጠጣው ይልቅ ማዕድኑ ይበዛል። ጉፒና ሞሊ ይመቻቸዋል፤ ኒዮን ለስላሳ ውሃ ነው የሚወደው። ሰፈርሽን አይተሽ ግዢ።

እማማ ከሽሮ ሜዳ፦ ልጄ፣ ለልጅ ልጄ ልደት ጎልድፊሽ በክብ ብርጭቆ አመጡለት። አንዱ ላይ ላዩን ያዛጋል። ርቦት ነው እያለ ልጁ ምግብ ይጨምርለታል።

መልስ፦ እማማ፣ አልራበውም፣ አየር አጥሮት ነው። ምግቡን ከልጁ እጅ ይውሰዱበት። ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፣ ከስንዝር ያልፋል፤ በብርጭቆ አይሆንም። ለጊዜው ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ፣ ውሃው አንድ ቀን ያደረ ይሁን። ሂተር አያስፈልገውም፣ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው።

የቦሌው፦ ፕላቲዎቼ ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጥብ ወጣ። 80 ሊትር፣ ስምንት ወሩ።

መልስ፦ ነጭ ነጥብ በሽታ ነው። ጥገኛው ቆዳ ውስጥ እያለ መድኃኒት አያገኘውም፤ የሚሞተው ወጥቶ ሲዋኝ ነው። ሙቀቱን በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ እያልክ 30 አድርስ፣ ያን ጊዜ ዑደቱ ይፈጥናል። የአየር ፓምፕ ጨምር፣ የሞቀ ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፣ ከፍታውን አትርሳ። በሊትር ሁለት ግራም ጨው። ነጥቡ ቢጠፋም ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀጥል።

የመገናኛው፦ ጨው ለኮሪዶራስ መርዝ ነው፣ ለሰው አትምከር።

የቦሌው፦ ኮሪዶራስ የለኝም እኮ።

የመገናኛው፦ ለሚያነብ ሌላ ሰው ነው ያልኩት። እኔ በሙቀት ብቻ አድኜ አውቃለሁ።

መልስ፦ ኮሪዶራስ ካለ ግማሹን፣ ተበጥብጦ ቀስ እያለ። መርዝ ግን አይደለም። ቀጥሉ።

ከሀዋሳ፦ ከሐይቁ የቆሮሶ ጫጩት ይዤ ከጉፒዎቼ ጋር ባኖረውስ?

መልስ፦ ጉፒዎቹን ቁርስ ልታደርጋቸው ነው? ቆሮሶ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ ጠጠር ይቆፍራል፣ ተክል ይነቅላል። ተወው። የሰለቸህንም ዓሣ ሐይቁ ውስጥ እንዳትለቅ።

የመገናኛው፦ ሲያድግ ለጾም ይሆነዋል።

የገርጂዋ፦ ዓሣ በጾም አይበላም እኮ!

የመገናኛው፦ ከሁዳዴ በቀር እኛ ቤት ይበላል።

የገርጂዋ፦ የእናንተ ቤት ደንብ ነው እንግዲህ።

ከሀዋሳ፦ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ይህን አትንገሩት።

መልስ፦ ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። እኔ የምጠየቀው በሕይወት ስላለ ዓሣ ነው።

ከባሕር ዳር፦ እምቦጭ ናይትሬት ይመጥጣል ሲሉ ሰማሁ። እዚህ በነጻ ሞልቷል፣ አንድ ሥር ባስገባስ? ለአዲስ አበባ ሰዎችም መላክ እችላለሁ።

መልስ፦ እንዳትሞክረው! መምጠጡን ይመጥጣል፣ ጣናንም ያነቀው በዚሁ ጉልበቱ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው አበባው አምሮ ሰዎች ለጌጥ ስለወሰዱት ነው፤ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያደረገውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሰው በእጁ እየነቀለ ነው፣ አንተ በፖስታ ልትልክልን ነው? ግድግዳ ላይ የሚሳበውን ፖቶስ ሥሩን ብቻ ውሃው ውስጥ አድርግ፣ ቅጠሉ ውጭ ይቅር። ያው ሥራ ነው የሚሠራው።

ከዱባይ፦ ሐምሌ ላይ የቧንቧው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሂተሩን ንቀል። የምትቀይረውን ውሃ ኤሲ ያለበት ክፍል አሳድረው። ማራገቢያ ወደ ውሃው ገጽ አዙር፣ ጥቂት ዲግሪ ይወርዳል፤ የሚተነውን ተካ። ሌላውን የእዚያ አገር ሰው ጠይቅ።

የጀሞው፦ ፊልተሩን በየስንት ጊዜው ልጠብ?

መልስ፦ ውሃው መውጣት ሲያቅተው። በምን ውሃ እንደሆነ ካሁን በኋላ አልናገርም።

የሳሪሱ፦ ጋሼ፣ ለካሁት፣ 18 ሊትር ነው። ሦስት ጎልድፊሽ ነበሩ፣ አንዱ ቀርቷል። ከተሞላ አምስት ወሩ ነው። ትናንት ፊልተሩን አውጥቼ በኦሞ ጥሩ አድርጌ አጥቤዋለሁ፣ ስለዚህ ንጽሕና አይደለም ችግሩ።

የካዛንቺሷ፦ ወይኔ።

መልስ፦ ስልክህን አስቀምጥና ባልዲ ያዝ። ያደረ ውሃ ካለህ ግማሹን አሁን ቀይር፣ የቀረውን ዓሣ ሰፊ ሳፋ ፈልግለት። ስፖንጁን አረፋው እስኪያልቅ፣ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመህ አለቅልቀው። አዎ፣ በቧንቧ ውሃ። ላንተ ብቻ ተፈቅዷል፤ የሚሞት ባክቴሪያ አልተረፈህም።