ቴሌግራሜ «ተጠለፈ» ወይስ «ተደረሰበት»?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። ሰሞኑን አንዲት እናት መጥተው «ቴሌግራሜን ጠለፉብኝ፤ በስሜ ከዘመዶቼ ብር እየለመኑ ነው» አሉኝ። እንዳሉት ጻፍኩላቸው። አንድ የሕግ ተማሪ አየውና «ይሄ ጠለፋ አይደለም፤ አዋጁ ሕገ ወጥ ደራሽነት ነው የሚለው» አለኝ። እኔ ደራሽ ብዬ የማውቀው ለተቸገረ ሰው የሚደርስን ነው። የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ ተማሪው አዋጁን በትክክል አንብቧል። የእርስዎም ጆሮ አላሳሳተዎትም።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 «ሕገ ወጥ ደራሽነት»፣ በአንቀጽ 4 «ሕገ ወጥ ጠለፋ» ይላል። የመጀመሪያው ሳይፈቀድለት፣ ወይም ከተፈቀደለት አልፎ፣ የሰው ኮምፒዩተር፣ ኔትወርክ ወይም ዳታ ውስጥ ሆን ብሎ የሚገባን ይመለከታል። ሁለተኛው ለሕዝብ ክፍት ያልሆነን ዳታ በመካከል ሆኖ የሚያዳምጥን፣ የሚቀዳን፣ የሚከታተልን ነው። የይለፍ ቃል አግኝቶ አካውንት ውስጥ የገባ ሰው እንግዲህ በአንቀጽ 3 ይጠየቃል። በሴትዮዋ ስም ብር መለመኑ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ለማታለል አዋጁ የራሱ አንቀጽ አለው።

አሁን ወደ ቃሉ። ጠለፈ ሲባል ምን ትዝ ይለናል? አውሮፕላን ይጠለፋል። የሮጠ ሰው እግሩን ይጠለፋል። ሴት ልጅ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ትጠለፋለች፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ይህን ግፍ ጠለፋ ብሎ ነው የሚቀጣው። በሁሉም ውስጥ መንገድ አለ። የሚጠለፈው በጉዞ ላይ ያለ ነገር ነው።

ይህን በደንብ የሚያውቀው የቆቦ ገበሬ ነው። ክረምት ላይ ከተራራው ጎርፍ ሲወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ሌሊትም ቢሆን ሰው አካፋውን ይዞ ይወጣል። በድንጋይ፣ በእሾህና በአፈር ያግደውና ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ይህ ጠለፋ ነው። ከላይ ያለው ሁሉንም ከጠለፈው ለታችኛው የሚደርስ የለም። መልእክት ከላኪ ወደ ተቀባይ ሲሄድ መሀል ላይ የሚቀዳም ያንኑ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ የአንቀጽ 4 ቃል ጥሩ ቃል ነው እላለሁ። አማርኛው ራሱ ያውቀዋል።

«ደራሽነት» ግን ደስ አይለኝም። ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ አንባቢ አንባቢነት እንደሚሆን ደራሽም ደራሽነት ይሆናል። ትርጉሙ ነው የሚያስቸግረው። የወሎ ሰው «ደራሽ አያሳጣህ» ሲል ይመርቃል። ብዙዎቻችን ሂሳብ የምንከፍልበት ሥርዓትም «ደራሽ» ነው የሚባለው፤ ስሙ ለጆሮ ደግ ነው። ክፉ ደራሽ ብንፈልግ ያለን ደራሽ ጎርፍ ብቻ ነው። «ሕገ ወጥ ደራሽነት» ሲባል ታዲያ ተራው ሰው በሰው ቤት መግባትን እንዴት ያስበው? ሰው የሚከሰስበትና የሚታሰርበት ቃል ሲነገር ወዲያው ሊገባን ይገባል። «ያለ ፈቃድ መግባት» ቢባል ማንም ይረዳው ነበር። አንዳንዶች «ሰርጎ መግባት» ይላሉ። አያስከፋም፤ ግን ጦርነት ያየ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው «ሰርጎ ገብ» ሲባል ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰው፤ ለማመልከቻ አልመርጠውም።

እርስዎ ምን ይጻፉ? ሰው «ተጠለፍኩ» ቢል ስሕተት ነው አይበሉት። ቃሉ በንግግር ሰፍቷል፤ «ሃክ ተደረግኩ» ከሚለውም ይሻላል። ማመልከቻው ላይ ግን ድርጊቱን ይዘርዝሩት፦ «ያልፈቀድኩለት ሰው የቴሌግራም አካውንቴ ውስጥ ገብቶ፣ በስሜ መልእክት እየላከ ከዘመዶቼ ገንዘብ ጠይቋል።» ቀኑንና ሰዓቱን ይጨምሩ። አንቀጹን መምረጥ የዓቃቤ ሕግ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዳታ» የሚለውን ቃል ለብቻው አይጻፉት። በሰፈር «ዳታዬ አለቀ» ማለት ኢንተርኔት አለቀ ማለት ነው። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ዳታ የሰው ስም፣ አድራሻ፣ የጤና ሁኔታ ነው። ባለጉዳይዋ «ዳታዬን ወሰዱት» ካሉ፣ ፎቶ ነው? የመታወቂያ ቁጥር ነው? ወይስ የገዙት ጥቅል? ይጠይቋቸውና የተወሰደውን በስሙ ይጻፉት።