አበባው ከረገፈ በኋላ አትሂዱ

ውድ ወጣት አንባቢዎቼ፣

አበባ ወዳጅ አያጣም። ሲፈካ ይሸተታል፣ ይወደሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መልኩ ሲደበዝዝና መርገፍ ሲጀምር ግን ተመልካቹ ሁሉ ፊቱን ያዞራል። እኔ ያረጀሁት የዕፅዋትን ዘር በማጥናትና በመመደብ ሥራ ነውና ወደ ዘሩ ባደላ አትፍረዱብኝ። ቢሆንም እላችኋለሁ፦ የተክል ብልሃት ይበልጥ የሚታየው ተመልካቹ ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዘር የሚቋጠርበት የአበባው ክፍል ያብጣል፣ ይረዝማል ወይም ይጠነክራል፤ የዘር ቤት ይሆናል። ደብዳቤዬም ስለዚህ ቤት ነው።

ከቅርቡ ጀምሩ። ብዙ ጀማሪ ብርቅ ነገር ፍለጋ ዓይኑን ሩቅ ይጥላል፤ የአተር እሸት በእጁ ሳለ። አንዱን እሸት በስፌቱ በኩል ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ፍሬዎቹ የት እንደተያያዙ አስተውሉ። ሁሉም የተንጠለጠሉት በአንደኛው ጠርዝ ብቻ ነው። እሸቱ ለሁለት ሲከፈልም አንዱ ፍሬ በቀኙ፣ ቀጣዩ በግራው ክፋይ ላይ እየተፈራረቀ ይቀራል። ዕድሜውን ሙሉ አተር ሲፈለፍል ኖሮ ይህን ልብ ያላለ ሰው ብዙ ነው። ግሬጎር ሜንደል የዘር ውርስን ለመረዳት እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 አተርን እያዳቀለ ባካሄደው ሙከራ ከተከታተላቸው 7 መለያዎች ሁለቱ የዚሁ ቤት ናቸው፤ ቀለሙ አረንጓዴ ነው ወይስ ቢጫ፣ ቅርጹ የተነፋ ነው ወይስ በፍሬዎቹ መካከል የተሰረጎደ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚያምታቱት ነገር አለ፤ በፍሬው ቀለም አሸናፊው፣ ማለትም ሁለቱ ሲዳቀሉ በልጆቻቸው ላይ የሚታየው፣ ቢጫው ሲሆን በቤቱ ቀለም ግን አሸናፊው አረንጓዴው ነው። የተሰረጎደው ዓይነት ደግሞ ከውስጥ የሚለብሰው ጠንካራ ስስ ሽፋን ይጎድለዋል። ስለዚህም ሲደርቅ በኃይል አይፈነዳም፤ በለጋነቱም ከነቅርፊቱ ይበላል።

ይህ ሽፋን ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአተር ዘመድ የሆኑ የብዙ ዛፎች የዘር ቤት ሲደርቅ ሁለቱ ክፋዮች እየተጠማዘዙ ይላቀቃሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። ምክንያቱ በቅርፊቱ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ክፋይ በሁለት ንብርብር የተሠራ ሲሆን የአንዱ ንብርብር ጭረቶች (ቀጫጭን ክሮች) ከሌላው ጋር በ90 ዲግሪ ይሻገራሉ፤ ሁለቱም ከቤቱ ርዝመት በ45 ዲግሪ ገደማ ያጋደሉ ናቸው። ድርቀት ሲመጣ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ይኮማተራል። ክፋዩ ለሁለቱም መታዘዝ ስለማይችል ይጠማዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ባውሂኒያ በተባለው ዛፍ ላይ ጥናት ያሳተሙ ተመራማሪዎች ሁለት የላቴክስ (የስስ ጎማ) ሉሆችን በተለያየ አቅጣጫ ወጥረው በማጣበቅ፣ ከዚያም በሰያፍ ቆርጠው ያንኑ ጥምዝ ቅርጽ አገኙ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራው የሞተ ቅርፊት መሆኑ ነው። ሕዋሳቱ ሕይወታቸው ካለፈ ቆይቷል፤ ተክሉ ግን ኃይሉን በጭረቶቹ አቀማመጥ ላይ አስቀድሞ አኑሯል። የተጠማዘዘውን ክፋይ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉትና ቀና ሲል ታያላችሁ። አድርቁት፤ እንደገና ይጠማዘዛል።

ኃይሉን እስከ ጥግ የወሰደው ሁራ ክሬፒታንስ የተባለው የአሜሪካ ሞቃታማ አካባቢዎች ዛፍ ነው። የዘር ቤቱ ሲደርቅ በታላቅ ድምፅ ይፈነዳል፤ ዘሮቹ ከ40 ሜትር በላይ ሊወረወሩ ይችላሉ። ሁሉም ግን ድርቀትን አይጠብቅም። ካርዳሚን ሂርሱታ የምትባል የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም የዘር ቤቷን የምታፈነዳው ገና አረንጓዴና ሕያው ሳለ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከሕዋሳት ውስጣዊ ግፊት ስለሆነ በደረቁ ዓይነቶች የተማራችሁት ለእሷ አይሠራም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ሕጉን ያገኛችሁት መስሏችሁ ነበርና።

ችኮላ የማያውቁም አሉ። ፖፒ የተባለው አበባ የዘር ቤት ከላይ ክዳን ያለው ሲሆን ከክዳኑ ሥር ዙሪያውን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ነፋስ ረጅሙን አገዳ ካላወዛወዘው በቀር ዘሩ አይወጣም፤ ሲወጣም ጥቂት በጥቂት ነው። ራውል ፍራንሴ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ በዚያው ቅርጽ የጨው መነስነሻ ሠርቶ በስሙ አስመዘገበ። በአውስትራሊያ ከሚበቅሉት የባንክሲያ ዝርያዎች ብዙዎቹ እንጨት መሳይ ቤታቸውን ለዓመታት ዘግተው ይቆዩና የሚከፍቱት የሰደድ እሳት ሲነካቸው ነው። ከእሳቱ በኋላ መሬቱ ባዶ፣ ብርሃኑም ብዙ ነውና ጊዜውን አልሳቱም። ኦቾሎኒ ደግሞ አበባው ከምድር በላይ ይወጣና ከተዳቀለ በኋላ ከአበባው ሥር ያለው ዘንግ ወደ ታች እየረዘመ ፅንሱን አፈር ውስጥ ይቀብረዋል፤ የዘር ቤቱ የሚያድገው በጨለማ ነው።

ጭራሽ የማይከፈቱትን አትናቁ። ከግራር ዝርያዎች አንዳንዶቹ የዘር ቤታቸውን እንደተዘጋ መሬት ላይ ይጥላሉ፤ ጠመዝማዛና ጣፋጭ ነው፣ ዝሆንም ፍየልም ይበላዋል። ጠንካራው ዘር ሆዳቸውን አቋርጦ ራቅ ካለ ቦታ ይወድቃል። እንስሳው ባይደርስ ኖሮ በዘሩ ውስጥ የሚራባው ነቀዝ ይቀድመው ነበር። የብራዚል ለውዝ ቤት እስከ 2 ኪሎግራም ይመዝናል፤ የሚከፍተውም በዋናነት አጉቲ የተባለው አይጥ መሳይ እንስሳ ነው። በጥርሱ ይፈለፍለዋል፣ የተረፈውን ይቀብራል፣ ከቀበረውም የተወሰነውን ይረሳል። ዛፉ የሚኖረው በዚያ መርሳት ነው።

እንግዲህ የማንኛውንም የዘር ቤት መልክ ስታዩ «ምን ይመስላል?» ብላችሁ አትቁሙ። የሚከፈተው መቼ ነው? ለማን ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ውበቱ ከዚህ ጥያቄ ተነጥሎ የሚገኝ አይመስለኝም። ቀለሙን ብቻ የሚያደንቁ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ግማሹን ትተው ነው የሚሄዱት።

ጥያቄው ወደ እርሻም ይወስዳችኋል። ሰሊጥ የዘር ቤቱ ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈታል። ለተክሉ ይህ ስኬት ነው፤ አጫጁ ግን ቢዘገይ ዘሩ መሬት ላይ ረግፎ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ላንግሃም የተባለ ተመራማሪ በቬንዙዌላ ቤቱን የማይከፍት ሰሊጥ አገኘ። ችግሩ የተፈታ መሰለ፤ ይሁንና ቤቱ እጅግ ስለጠበቀ በመውቂያ መሣሪያ ዘሩን ሳይጎዱ ማውጣት አስቸጋሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አዳቃዮች የሚፈልጉት ነፋስ ሲነካው የማይረግፍ፣ መውቂያው ሲነካው ግን የሚለቅ ቤት ነው። ከእናንተ መካከል ሰብል ወደ ማሻሻል የምትሄዱ ካላችሁ በዚህች ጠባብ መካከል ላይ ብዙ ዓመት መሥራት እንደሚቻል እነግራችኋለሁ፤ አሰልቺም አይደለም።

በጦርነት ጊዜም የዘር ቤት ተፈልጎ ያውቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ጃቫን ስትይዝ ለሕይወት አድን ጃኬት መሙያ ይውል የነበረው ካፖክ የተባለው የዛፍ ጸጉር ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ሕፃናት የአስክለፒያስ ተክልን የዘር ቤቶች በከረጢት እንዲለቅሙ የተደረገው ሐር መሳይ ጸጉሩ ካፖክን ስለሚተካ ነው። ለዓይን ሁለቱም ያው ነጭ ጸጉር ናቸው። አመጣጣቸው ግን ይለያያል፤ የአስክለፒያስ ጸጉር ከዘሩ ላይ ሲበቅል ካፖክ የሚበቅለው ከቤቱ ውስጠኛ ግድግዳ ነው። ጥጥ ደግሞ ከዘሩ ሽፋን የሚወጣ ሲሆን እያንዳንዱ ክር አንድ የተሳበ ሕዋስ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስና ስለታም ምላጭ ይበቃችኋል። ናሙናውን ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት በእርሳስ ሣሉት፤ ሥዕሉ ባያምር ግድ የለም። ካሜራ ያላያችሁትንም ይመዘግብላችኋልና ያያችሁ ይመስላችኋል፤ እርሳስ ግን ያላያችሁትን አይሥልም። ከዚያ አግድም ቁረጡት። በጉሎ ውስጥ 3 ክፍል፣ በባሚያ ብዙውን ጊዜ 5 ክፍል ታገኛላችሁ፤ ጃካራንዳ ጠፍጣፋውን እንጨት መሳይ ቤት ለሁለት ትከፍላለች። ይህ ቁጥር የተክሉን ዝምድና ይነግራችኋልና ከሥዕሉ አጠገብ ጻፉት።

የለቀማችሁትን በወረቀት ፖስታ አኑሩ፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይይዝና ሻጋታ ያመጣል። የተክሉን ስም ባታውቁትም ቀኑንና ቦታውን ዕለቱኑ ጻፉ፤ ስም በኋላ ይገኛል፣ የጠፋ ቀን ግን አይመለስም። ከዱር ስትለቅሙ የዘር ባንክ ባለሙያዎችን ልማድ ያዙ፤ በዕለቱ ከበሰለው ዘር ከ20 በመቶ በላይ አይወስዱም። በጥሩ ሁኔታ የደረቀና ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተቀመጠ ዘር፣ ቅዝቃዜን የሚችል ዓይነት ከሆነ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሕይወቱን ይጠብቃል። ቀሪው 80 በመቶ ግን በዚያው በቦታው የሚሠራው ሥራ አለው።

የማታውቁትን አትቅመሱ። የአስተናግር እሾሃማ ቤት ያምራል፤ ውስጡ መርዝ ነው። የጉሎ ፍሬም እንደዚያው ነው። ከሁሉም በላይ የሚያታልለው አብሩስ ፕሪካቶሪየስ ሲሆን ቤቱ ተከፍቶ ቀይና ጥቁር አንጸባራቂ ዘሮቹን ያሳያል። ከነዚህ አንዱንም ቢሆን ለስብስባችሁ ብትይዙ በፖስታው ላይ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት የምትኖሩ ከሆነም ሳጥኑን ቆልፉት።