«ጀሪካኑ ባዶ ሆነ» ሲሉት «አዎ» ብሎ ዝም

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ «ይከታተሉኛል» እያለም ከዶርም መውጣት አቆመ። ጸበልም ሐኪም ቤትም ወስደነዋል። መድኃኒት ከጀመረ ሰባት ወሩ ነው፣ ድምፁ ጠፍቶለታል። ግን ሱቅ ልኬው ሦስት ነገር ባዘው አንዱን ይዞ ይመጣል። እናታችን «ጀሪካኑ ባዶ ሆነ እኮ» ስትለው «አዎ» ብሎ ቁጭ ይላል። ቡና ላይ ጎረቤቶች ሲስቁ «በእኔ ነው» ብሎ ይወጣል። አባቴ ስንፍናና ንቀት ነው ይላል። እርስዎስ?
ታላቅ እህት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ አልሰነፈም፤ እናቱንም አልናቀም። ሳይኮሲስ የሚባለው ይህ የአእምሮ ሕመም ድምፅና ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። ገና ከጅምሩ ትኩረትን ያላላል፣ የሰሙትን ይዞ ማቆየትን ያዳክማል፣ ሐሳብን ያዘገያል። መድኃኒቱ ድምፁን ያስታግሳል እንጂ ይህንን እምብዛም አያስተካክለውም።

እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዱን ወጣት ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ከዚያ ተመለስ ብዬ በአንድ ትንፋሽ አዘዝኩት። ወረቀቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ተቆጣሁት። ያ ፊቱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

የጀሪካኑ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እናትሽ «ባዶ ሆነ» ስትል «ሂድና ቅዳ» ማለቷ ነው። እኛ ሰሙን ተናግረን ወርቁን ለሰሚው መተው ለምዶብናል። ከቃሉ ጀርባ ያለውን የሰው ሐሳብ መገመት፣ ፊት ማንበብ፣ ይህ ሕመም የሚያደክመው እነዚህንም ነው። ቡና ላይ አራት ሰው እኩል ሲያወራ ጨዋታው ያመልጠዋል፤ ድንገት ሳቅ ሲፈነዳ ምክንያቱን ስለማያውቅ በራሱ ይተረጉመዋል።

ስለዚህ እናትሽ በግልጽ ትንገረው፦ «ልጄ፣ ጀሪካኑን ይዘህ ቦኖ ሂድና ውኃ ቅዳልኝ።» የሱቁን በወረቀት ጻፊለት። ቡና ላይ አጠገቡ ተቀመጪና ምን እንዳሳቃቸው ቀስ ብለሽ ንገሪው።

ለቀጠሮው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ለመንቀጥቀጥና ለሰውነት መገተር የሚሰጠው አርቴን ካለበት፣ እሱ ራሱ ማስታወስን ስለሚያደክም «አሁንም ያስፈልገዋል ወይ?» ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ። በራሳችሁ ግን አንዱንም እንዳታቋርጡ፤ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ጫት የሚቅም ከሆነም ከሐኪሙ አትደብቁ።

ተስፋ አለው። ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ (አንዱ የሳይኮሲስ ዓይነት) ያለባቸውን ሰዎች የሠለጠኑ የአካባቢው ልጆች ቤታቸው እየሄዱ ሲያግዟቸው፣ ጤና ጣቢያ ብቻ ከታከሙት ይልቅ በ12 ወር ውስጥ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ መምራት ችለዋል። ወንድምሽም ውኃ መቅዳቱ፣ ሱቅ መሄዱ የሕክምናው አካል ነውና አትንጠቁት። ትምህርቱን ከሐኪሙ ጋር ተማክራችሁ ቀስ ብሎ ይጀምር።

አባታችሁንም ለቀጠሮው ይዘሻቸው ሂጂ፤ ከሐኪሙ አፍ ይስሙት።