ግጥም ደረቀብኝ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፤ በስልክ ለመጻፍ ረዘመብኝና ለዛሬ አሳደርኩት። ላላዩት ልድገመው። ሐዋሳ ውስጥ ጋርመንት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሁለተኛ ደረጃ እያለች ግጥም ትጽፍ ነበር። አሁን ግን «ከሰርቪስ ወደ ማሽን፣ ከማሽን ወደ አልጋ ነው ኑሮዬ። ምን አይቼ ልጻፍ? እናንተ ሀሳቡን ከየት ነው የምታመጡት?» ነው ያለችው።

ከስር «ጉዞ ውጪ»፣ «ፍቅር ይያዝሽ» ያላችሁ ተሳስታችኋል አልልም። እኔ ግን ፍቅር ይዞኝ የጻፍኩትን ዛሬ ሳነበው ጆሮዬ ይቀላል።

የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከኔ የባሰ ደረቅ ሥራ ያለው ይምጣ! ድሮ የምጽፈው ሁሉ ጨረቃ፣ ጽጌረዳና ማዕበል ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ግጥሜ ውስጥ ግን በየገጹ መርከብ ይሰጥማል። ቃሎቹ የኔ አልነበሩም። ካነበብኩት ግጥም ሁሉ እየተዋስኩ ነበር የምጽፈው። ይህን ያወቅኩት ደግሞ በግጥም ሳይሆን በእርሳስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮፒ የለም። የተበላሸ ወረቀት ግን ሞልቷል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ስቴፕለሩን ሳልኩ። አስቀያሚ ነበር። በማግስቱ ደገምኩት፣ ያው አስቀያሚ። በሦስተኛው ቀን ግን አፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርስ አየኋት። ስንት ዓመት በእጄ ይዤው አይቻት አላውቅም።

ከዚያ እሑድ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጀልባው ሲገባ፣ ዓሣው ሲገፈፍ፣ ሾርባው ሲንተከተክ፣ ያው የምታውቂው ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም እንደ ልማዳቸው ቆመዋል። አንዱን ልስለው ስል እግሩ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ጉልበቱ ወዴት ነው የሚታጠፈው? በግምት አጠፍኩት። ዓሣ የሚገፍፍ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ወንበር ነው?» አለኝ። ከዚያ በቢላው ጫፍ እየጠቆመ አስተማረኝ። ነጭ የሚመስለው እግሩም ነጭ አይደለም፤ የራሱ ኩስ ነው። ልጁ «ይቀባበታል» ብቻ ነው ያለኝ። ሙቀት ሲበረታ እግሩ ላይ ለቆት እርጥበቱ ሲተን እንደሚያቀዘቅዘው በኋላ ነው ያነበብኩት።

ስሙንም ያን ቀን ነው የሰማሁት ማለት ይቻላል። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ከረጢት አይቶ «ኮዳ» ያለው፣ ከፊቱ ደግሞ «አባ» የጨመረበት ሰው ማን ይሁን? ያ ሰው ገጣሚ ነው።

ማታ ሥዕሉን ፊቴ አድርጌ 14 መስመር ጻፍኩ። አሥራ ሁለቱን ሰረዝኩ። የቀሩት እነዚህ ናቸው፦

ሲጠና ይውላል አባ ኮዳ ደጁን
እንደ ጡረተኛ ወደ ኋላ እጁን

ቁጠሪው። በየመስመሩ 12 ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ነው። 6 ላይ ትንፋሽ ትወስጃለሽ፣ ከዚያ ሌላ 6። የወል ቤት የሚባለው ነው። አንድ ጓደኛዬ «ሁለተኛው መስመር ግሥ ጎድሎታል» ብሎ እስካሁን ይከራከረኛል። ይከራከር። ወፉም አንድ ነገር የጎደለው ይመስላል። ዋናው ነገር ግን ጡረተኛውን ፈልጌ አላመጣሁትም። ክንፉን ስስል እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ሽማግሌ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ሥዕልና ግጥም ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። የሐረሩ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሁለቱንም ነበር። ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ፣ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፣ ግጥምም ጻፈ። ስሜን ከስሙ ጋር ማንሳቴ አይደለም። የኔው ሥዕል ሳይሆን ማያ ነው።

አንድ ሌላ ልጨምር። ታቦር ተራራ ላይ ወጥቼ የሐይቁን ዳርቻ በእርሳስ መዞር ጀመርኩ። ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚገባበትን በግምት ምልክት አደረግኩ። የሚወጣበትን ስፈልግ እርሳሴ ዞሮ ዞሮ እዚያው ተመለሰ። ሐዋሳ ሐይቅ ከላይ የሚታይ መውጫ የለውም። በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። እርሳሱ መውጫ ሲያጣ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። ለጥቂት ጊዜ ብሎ ወደዚህ ከተማ መጥቶ የቀረውን ሰው ሁሉ አሰብኩ፤ አባቴን ጨምሮ። ያቺ ግጥም 8 ወር ሆናት፤ ገና አላለቀችም።

ወዳንቺ ልመለስ። ማሽን ላይ ሆነሽ ሳዪ አልልሽም፤ ጣትሽን ትወጊያለሽ፣ ሱፐርቫይዘርም አለ። ሰርቪስ ውስጥ ግን ጊዜ አለሽ። ይንገጫገጫል ካልሽ ደግሞ ጥሩ፣ ወረቀቱን ሳታዪ ሳዪ። ዓይንሽን ከነገሩ ላይ አትንቀዪ፣ እርሳሱ ይከተልሽ። የሰው ፊት ይቅርብሽ፤ ፊቱ ሲሳል ያየ ሰው ይቆጣል። እጅ፣ ጀርባ፣ ጫማ ይበቃል። ስትጨርሺ ከስሩ አምስት ቃል ጻፊ፤ የነገር ስም ብቻ። «ውብ» እና «አሳዛኝ» ክልክል ናቸው። ግጥም ለማድረግ አትቸኩዪ፣ ሳምንት ይደርና አንብቢው። አብዛኛው ይጣላል። ከኔ አርባ ምናምን ሥዕል ግጥም የወጣው ከሦስቱ ነው።

ደግሞ ምንም አላይም አትበዪ። እናቴ ቤት ውስጥ ትሰፋ ነበርና አንድ ነገር አውቃለሁ። ከስር ያለው የቦቢን ክር ሲያልቅ ማሽኑ አያቆምም አይደል? መርፌው ይወርዳል ይወጣል፣ ጨርቁ ይሄዳል፣ ከላይ ክር አለ። የተሰፋ ይመስላል። ሳብ ስታደርጊው ነው ሁለት የሚሆነው። እኔ ብሆን በዚያ ነበር የምጀምረው፤ ግን የኔ አይደለም፣ ያንቺ ነው።

ወረቀት ካጠረሽ ደግሞ የተበላሸ ኮፒ ሞልቶኛል።