ያልፈረምኩበት የፈቃድ ወረቀት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን በአንድ የሕፃናት ድጋፍ ድርጅት የምትሠራ ወጣት ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ «ጋሼ፣ የዓመት ፈቃዴን ብጠይቅ ለልጆቹ እንደማልጨነቅ ይቆጠርብኝ ይሆን?» አለችኝ። ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ይህን ፍርሃት በሠራተኛ ልብ ካሳደሩት አለቆች አንዱ እኔ ነበርኩና።

በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ ወላጆቻቸውን በኤችአይቪ ያጡ ሕፃናትን በሚረዳ ድርጅት የመስክ ሠራተኞች ኃላፊ ነበርኩ። ከሥሬ የነበረች አንዲት ልጅ 62 ቤተሰብ ትከታተል ነበር። የትራንስፖርት አበሏ ወሩ ሳይጋመስ ስለሚያልቅ የሽሮ ሜዳን ዳገት በእግሯ ትወጣለች፤ በክረምት ከቢሮው ደጃፍ ካልሲዋን ጨምቃ ትገባና፣ እሷ በስብሳ ሳለ የጉብኝት ቅጾቹን ከፌስታል ውስጥ ደረቅ እንደሆኑ ታወጣልኛለች። እኔ ቅጾቹን እቆጥራለሁ እንጂ በየቤቱ ምን እንዳየች ጠይቄያት አላውቅም። ከምትከታተላቸው ሕፃናት አንዱ በሞተ በሳምንቱ የ5 ቀን ፈቃድ መጠየቂያ ይዛ መጣች። በወቅቱ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለአንድ ዓመት አገልግሎት 14 የሥራ ቀን ይፈቅድላት ነበር። እኔ ግን «እነዚያ ልጆች ከረሃብ ፈቃድ ይወጣሉ?» ብዬ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አልመለሰችልኝም፤ ቅጾቿን አስተካክላ ወጣች። በሁለተኛው ወር ሥራውን ለቀቀች። ትከታተላቸው የነበሩትን ቤተሰቦች ለሦስት ባልደረቦቿ አከፋፈልኳቸው፤ እነሱም በራሳቸው ሥራ ተወጥረው ስለነበር ለሳምንታት ማንም ያልጎበኛቸው ልጆች ነበሩ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ እስከ 1997 ዓ.ም. ስላልተከፈተ፣ የእኔ ትውልድ ኃላፊዎች ቁጥጥርን እንጂ ሠራተኛን መደገፍን አልተማርንም። ይሁንና ካልሲዋን ስትጨምቅ ለማየት ትምህርት አያስፈልግም ነበር።

የዛሬ ወጣቶች ቶሎ ተስፋ ትቆርጣላችሁ፣ ዓመት ሳይሞላችሁ መልቀቂያ ታስገባላችሁ እያልኩ እወቅሳለሁ፤ ስለዚያች ልጅ ሳስብ ግን መልቀቋ ልክ እንደነበር አምናለሁ። የምትከታተሉት ቤተሰብ ከአቅማችሁ ሲያልፍ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ቅጂውንም አስቀሩ። ነገ ኃላፊ ስትሆኑ ደግሞ ቢያንስ በወር አንድ ቀን ከሠራተኛችሁ ጋር ዳገቱን በእግራችሁ ውጡ።

ለጠየቀችኝ ልጅ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን እንዳደረገው ነግሬ፣ ማመልከቻውን አብረን ጻፍነው፤ 5 ቀን ብላ የጀመረችውን አሰርዤ ሙሉውን አስሞላኋት።