ከሩቅ ሜዳ የሚመስል ሐይቅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ስለ ጣናና ስለ እንቦጭ ግጥም እጽፋለሁ። ሦስቱን አብሬ ልኬልዎታለሁ። የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ሳነባቸው ሰው ያጨበጭባል። አንድ የማከብረው ገጣሚ ግን «ይሄ የሬዲዮ ማስታወቂያ እንጂ ግጥም አይደለም» አለኝ። በጣም ከፋኝ። ደግሞስ ግጥም እንቦጭ ይነቅላል እንዴ? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀጥዪ። ግጥሞችሽን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ጆሮሽ ጥሩ ነው፣ ቤት አመታትሽም ያምራል። ግን ገጣሚው የነገረሽ ቃሉ ቢከብድም እውነት አለው። በሦስቱም ግጥሞች ጣና ያለቅሳል፣ ይጣራል፣ «አድኑኝ» ይላል። መረቡን ከእንቦጭ ሥር ሲያላቅቅ ውሎ ባዶ እጁን የሚመለሰው አሣ አስጋሪ ግን አንዱም ውስጥ የለም። ቀረሶና አምባዛ የሚባሉት አሣዎችም የሉም። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የለም፣ ታንኳውም የለም። ስሙን ብንቀይረው ግጥሙ ለየትኛውም ሐይቅ ይሆናል።

እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። ከዘጌ በታንኳ የማገዶ እንጨት ሲመጣ እያየሁ። የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ደንገሉ ሲመናመን ምን እንደሚጠፋ አይጠፋውም። አንቺ ደግሞ ይህን ለመጠየቅ ቤትሽ ቅርብ ነው።

እንቦጭን እስቲ ተመልከቺው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን አካባቢ ነው። በዓለም ላይ የተሰራጨው ሐምራዊ አበባው ሰው ስለማረከ ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከዚያ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ዳርቻውን ያዘ። የሚመገበው ወንዞቹ ይዘውት የሚገቡትን ነው፦ የማሳ ማዳበሪያ፣ የከተማ ፍሳሽ፣ የታጠበ አፈር። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ተመልሶ ይበቅላል።

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ። እንቦጭ ቆንጆ ነው። ከሩቅ ስታዪው ሐይቁ ላይ አረንጓዴ መስክ የተነጠፈ ይመስላል፤ አገሩን የማያውቅ እንግዳ ፎቶ ይነሳበታል። ግጥሞችሽ ይህን ውበት ደብቀውታል። «ክፉ አረም» ብለሽ ጀምረሽ «ክፉ አረም» ብለሽ ጨረስሽ። አንባቢሽን መጀመሪያ በመስኩ አስደስቺው። ከዚያ ጠጋ አድርጊው፤ ጀልባው አልሄድ ሲል፣ መረቡ ሲያዝ፣ ከሥር ያለው ውሃ ብርሃን ሲያጣ ያየዋል። ያኔ መስበክ አያስፈልግሽም።

የሥነ ጥበብ ሰው የሆነው ኤልያስ ስሜ ይህን ያውቅበታል። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የኪቦርድ ቁልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገዛ ግዙፍ ሥራዎችን ይሠራል። ከሩቅ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላሉ። ስትጠጊ በየቢሮው የሰው ጣት የነካው፣ ከሌላ አገር መጥቶ እኛ ዘንድ የተጣለ ዕቃ መሆኑን ታዪያለሽ። «የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ይጎዳል» የሚል ጽሑፍ የትም አልለጠፈም። ደግሞም ሥራው ስለ ቆሻሻ ብቻ አይደለም። እኔ ፊቱ ስቆም በመጀመሪያ የማስበው ሽቦውን አንድ በአንድ ስለሸረበው ትዕግሥት ነው።

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህም አለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤይድ ለተባለው የንጹሕ ውሃ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ውሃ እጦት ተከታታይ ፎቶ ስትሠራ አፋር ውስጥ ወዳለው ዳሎል ሄደች። የተለመደውን የደከመች ጀሪካን ተሸካሚ ሴት አላነሳችም። ፊታቸው በቀለም የተቀባ፣ ደማቅ ልብስ የለበሱ ሴቶችን በጨው ምድር ላይ አቆመች። እንዲያው የሚታዘንላቸው አልሆኑም። ሰው ቀጥ ብሎ ያያቸዋል።

«ግጥም እንቦጭ ይነቅላል ወይ?» ላልሽው፣ አይነቅልም። እጅና ማሽን ነው የሚነቅለው፤ ወደ ሐይቁ የሚገባውን አፈርና ፍሳሽ መቀነስ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ግን ዘመቻ ያልፋል፣ ካሜራውም ይሄዳል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ያለው ሰው ስለ ደን መመናመን ንግግር አላደረገም። ወንዙ ግንድ ይዞ ሲሄድ አየ፣ ተናገረው። ዛሬም አፋችን ላይ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ዓባይ ከደጋው የሚያጥበውን አፈር ሳይ ይህችው ትመጣብኛለች። ለእንቦጭም እንዲህ ያለ አንድ መስመር ይገባዋል፤ ከአንቺ የምጠብቀውም እሱን ነው።

ስለዚህ ደምቢያ ወይም ፎገራ በኩል ሂጂ። አሣ አስጋሪዎቹን የትኛው አሣ እንደቀረባቸው ጠይቂ። ደንገል ቆራጮቹን ዛሬ የት ድረስ ሄደው እንደሚቆርጡ ጠይቂ። የሚሉትን በራሳቸው አነጋገር ጻፊው። ከዚያ ግጥሙን ላኪልኝ፤ በዚሁ ዓምድ ላይ እንወያይበታለን።

ጥያቄ፦ የስድስተኛ ክፍል አማርኛ መምህር ነኝ፣ አዲስ አበባ። ስለ አካባቢ ድርሰት ጻፉ ስላቸው ሁሉም «ዛፍ ሕይወት ነው» ብለው ይጀምራሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ርዕሱን ይቀይሩላቸው። «አካባቢ» ለልጅ በጣም ሰፊ ነው። ግቢዎ ውስጥ ያለ አንድ ዛፍ ይስጧቸው። ጽድ ነው፣ ወይራ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ? ማን ተከለው? ዘበኛው ያውቅ ይሆናል፣ ይጠይቁት። ከሥሩ ሣር ይበቅላል ወይ? ማን ጥላው ሥር ይቀመጣል? «ሕይወት» የምትለውን ቃል ለዚያ ሳምንት ብቻ ይከልክሏቸው። ከቻሉ ደግሞ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ይውሰዷቸው። ግድግዳው አያቶቻችን ቤት በሠሩበት በጭቃና በጭድ ተሠርቶ በጌጥ ተሞልቷል። ልጆች በእጃቸው መዳሰስ ይወዳሉ፤ ድርሰቱንም ከዚያው ይጀምሩት።