ሚስትህ ዋና ባትችልም ሄሮን ደሴት ሂዱ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በዲሴምበር መጨረሻ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ከብሪዝበን በመኪና ግላድስተን ወደብ፣ ከዚያ በጀልባ ሄሮን ደሴት ልትሄዱ አስባችኋል። ባለቤትህ ዋና አትችልም። «ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተን እሷ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ልትመለስ ነው ወይ?» ብለሃል። ስንት ሌሊት እንደሚበቃም ጠይቀሃል።

እኔና ባለቤቴ በዚሁ መንገድ ሄደናል። እሱ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ውሃ ከጉልበቱ ካለፈ ጸሎት ይጀምራል። ከእኔ በላይ የተደሰተው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ሂዱ።

መጀመሪያ ግን ደሴቱ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ሆቴልና ሕንፃ የበዛባትን ጎልድ ኮስትን አታስቡ። ሄሮን ርዝመቱ 800 ሜትር፣ ወርዱ 300 ሜትር ገደማ ነው። ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት ረጅም የባሕር ውስጥ ድርድር፣ በታላቁ ባሪየር ሪፍ ደቡባዊ ጫፍ ላይ፣ የኮራል ስብርባሪ ተጠራቅሞ የሠራው የአሸዋ ጉብታ ነው። በእግር ዞራችሁ ለመጨረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። አንድ ሪዞርት፣ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ፣ የተቀረው ብሔራዊ ፓርክ። ማታ ወጣ የሚባልበት ቦታ የለም። ስልካችሁንም እርሱት።

የወፎቹን ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልንገርህ። እናንተ በምትሄዱበት ወቅት ዛፎቹ ላይ ጥቁር ወፎች በአስር ሺዎች ሆነው ይራባሉ። ኩሳቸው በየቦታው ነው፣ ሽታም አለው። ኮፍያ ሳታደርጉ ከዛፍ ሥር አትለፉ። ማታ ደግሞ ሌላ ዓይነት ወፍ አለ፤ መሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር። ሲጨልም ከባሕር ይመለስና ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሕፃን ልጅ ያለቅሳል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ሌሊት ከአልጋው ተነስቶ «ኧረ ሰው ይሆናል!» ሲል ነበር። የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ሚስትህ ወፍ የምትጠላ ከሆነ፣ ዋና አለመቻሏ ሳይሆን ይሄኛው ነው የሚያሳስበው።

ወደ መንገዱ ልምጣ። ከብሪዝበን ግላድስተን በብሩስ ሃይዌይ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሳትቆሙ ብትነዱ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ከዚያም በላይ። በዚያው ቀን ነድቼ ጀልባው ላይ እደርሳለሁ ብለህ እንዳታስብ። አንድ የመንገድ ሥራ ወይም አንድ አደጋ ካጋጠማችሁ ጀልባው አይጠብቃችሁም። ግላድስተን ገብታችሁ እደሩ። ከተማዋ የወደብና የፋብሪካ ናት፤ ለመተኛት ትበቃለች።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። ይህ ሁሉ ያለበት የኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር በበጋ ሰዓቱን ወደ ፊት አይገፋምና ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ይጨልማል። ሲመሻሽ ካንጋሮ መንገድ ላይ ይወጣል። ጂምፒን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ይረጋጋል፤ ቺልደርስ አካባቢ ቀይ አፈርና የሸንኮራ አገዳ ማሳ ነው፣ እዚያ ወርዳችሁ እግራችሁን አፍታቱ። ሚሪያም ቬል በክራብ (ሸርጣን) ሳንድዊች የታወቀች ናት፤ ለእኛ ሰው ምንም አትጠቅምም፣ ቤንዚን ግን አላት። ጊዜ ካላችሁ ከዚያ ወደ ባሕሩ ታጥፋችሁ 1770 የምትባለውን መንደር እዩ። ስሟን ያገኘችው እንግሊዛዊው መርከበኛ ካፒቴን ኩክ በዚያ ዓመት ስላረፈባት ነው።

ጀልባው ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ከወደቡ ሲወጣ ጸጥ ያለ ነው፤ ክፍት ባሕር ላይ ሲደርስ ነው የሚንጣችሁ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመራችሁ በኋላ ብትወስዱት ብዙም አይረዳም። ከኋላ በኩል ተቀመጡ። ሄሊኮፕተርም አለ፣ በግማሽ ሰዓት ያደርሳል፣ ኪስ ከፈቀደ።

አሁን ዋናው ነገር። ሄሮን ላይ የሚያዝዘው ሰዓት ሳይሆን የባሕሩ መሙላትና መሸሽ ነው። ውሃው ሲሸሽ በደሴቱ ዙሪያ ያለው ሪፍ ጥልቀቱ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ይሆናል። ያኔ ዋናተኛው ነው የሚቸገረው፤ ዋና የማይችለው ግን በዱላና በጫማ ኮራሉ መሃል ይሄዳል። ከአስጎብኚ ጋር የሚደረግ የሪፍ የእግር ጉዞ አለ። የባሕር ኪያር የሚባል እንስሳ፣ ሰማያዊ የባሕር ኮከብ፣ አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ግዙፍ ዛጎል እግራችሁ ሥር ታያላችሁ። አሸዋማውን ቦታ እየመረጣችሁ ርገጡ፤ ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። ሾጣጣ ዛጎል ደግሞ ቢያምርም በእጅ አታንሱ፤ አንዳንዱ በመርዝ ይወጋል።

ስለዚህ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት የዚያን ሳምንት የባሕሩን መሙላትና መሸሽ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ እዩ። በቀን ሁለት ጊዜ ነው የሚሸሸው፤ በየቀኑም በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ሽሽቱ ገና ሲነጋ ወይም ሲመሽ ከወደቀ ለሚስትህ ብዙም ትርፍ የለውም። ረፋድ ወይም ከሰዓት በኋላ የሚሸሽበትን ቀን ምረጡ። ሁለት ሌሊት ማለት አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሦስት ሌሊት ያዙ የምለው።

ውሃው ሲሞላ እሷን ወደ ጀልባ ማረፊያው ውሰዳት። አጠገቡ ፕሮቴክተር የምትባል በ1884 የተሠራች የጦር መርከብ ቀፎ አለ፤ ማዕበል እንድትሰብር ነው እዚያ ያስቀመጧት። ዓሣው ዙሪያዋን ነው የሚውለው። ማረፊያው ላይ ቆማችሁ ጠፍጣፋ ሬይ ዓሣና ትናንሽ ሻርክ ታያላችሁ። ሻርኮቹ ሰው ሲቀርባቸው አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻሉ። ባለቤቴ በመጨረሻ ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ ማስክ አድርጎ፣ እግሩ መሬት በሚነካበት ቦታ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነከረ። ቀና ሲል የሚናገረው ጠፋው። ማንም አላስገደደውም፤ አንተም አታስገድዳት።

ኮራሉን ግን እንደ ፖስታ ካርድ አትጠብቁ። በ2024 የደቡቡ ሪፍም በውሃው መሞቅ ክፉኛ ተጎድቷል። ውሃ ሲሞቅ ኮራል ውስጡ የሚኖረውንና የሚመግበውን አልጌ የሚባል ጥቃቅን ተክል መሰል ነገር ያስወጣና ይነጣል። ዓሣውና ኤሊው ግን አለ።

ኤሊው! ዲሴምበርና ጃንዋሪ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ዋና ወቅት ነው። ውሃው ሲሞላ፣ በሌሊት፣ እየተጎተቱ ይወጣሉ፤ ሪፉን መሻገር የሚችሉት ያኔ ነውና። አንዷ በአንድ ጊዜ መቶ ገደማ እንቁላል ትጥላለች። ባትሪ አታብሩ፤ ከፊቷ አትቁሙ፤ ከኋላ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ብርሃን ካየች ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች። ጫጩቶቹ ወደ ባሕር ሲሮጡ ማየት ከፈለጋችሁ ግን የእናንተ ቀን ይቀድማል፤ ያ ከጃንዋሪ አጋማሽ በኋላ ነው።

ምግብን በተመለከተ፣ ጿሚ ከሆናችሁ በዲሴምበር መጨረሻ ጾመ ነቢያት ላይ ናችሁ። ክፍል ስትይዙ «ቪጋን» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ብትነግሯቸው ኩሽናቸው ያው በጀልባ የመጣለት ብቻ ነው ያለው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት። እኛ ቆሎ በብዛት ይዘን ነበር፣ ጠቅሞናል።

ገንዘቡ በጣም ከከበዳችሁ ከ1770 ወይም ከባንዳበርግ ሌዲ ማስግሬቭ ወደምትባለው ደሴት በቀን ደርሶ መልስ አለ። ኤሊውን ደግሞ ባንዳበርግ አጠገብ ሞን ሬፖ ባሕር ዳርቻ ላይ ማታ በትኬት ታያላችሁ። ትኬቱ ቀድሞ ያልቃልና ዛሬውኑ እዩት። ሄሮንን ከመረጣችሁ ግን የጀልባውን ቀናት ሳታጣሩ ክፍሉን አትክፈሉ።